መኳንንት ያስቃጠለው ወረቀት

መተማ ውስጥ ወረቀት ማኖር ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። አታምኑኝም? ምስጡ ይበላዋል፣ ክረምቱ ያሻግተዋል፣ የቀረውን ደግሞ ሙቀቱ ያደርቀዋል። የዳኝነት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ደብዳቤና ፍርድ በመጻፍ ሳይሆን የወረቀት ሳጥን በማራገፍ ነው ብል ዋሸ አትበሉኝ።

ጣሊያን ሲገባ ሌላ ጉድ ተጨመረ። አንድ ካፒቴን መጣና የድሮ ፍርድ ሁሉ ፈርሷል፣ ወረቀቱ ይቃጠል አለ። ይህን ማን የመከረው ይመስላችኋል? መኳንንት!

መኳንንት ማን መሰላችሁ፣ ማሬ የምትባል የአገራችን ሴት ዋርሳ ነው፤ የሟች ባሏ ወንድም። ባሏ ገና ከመቀበሩ ጓንግ ወንዝ ዳር ያለውን የሰሊጥ መሬት ልውሰድ አላት። ማሬ ዋዛ ናት እንዴ? ሦስት ልጆቿን አስከትላ ተሟገተች፣ ረታችውም። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ባንዳ የሆነው ያቺን አንዲት ወረቀት ለማስቃጠል ብቻ ነው ብዬ እስከ ዛሬ እምላለሁ።

ካፒቴኑ ግን አንድ አመል ነበረው። ሳይመዘገብ ዶሮ እንኳ አይታረድለትም። የሚቃጠለው ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ፣ ያስቃጠለውም ሰው ይፈርምበት አለ። ጸሐፊው ማን ሆነ? ያው እኔ! የማሬ ውሳኔ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም። «አንድ የመሬት ውሳኔ» ብዬ ላልፍ ስል መኳንንት ለካ ከኋላዬ ቆሟል።

እሱ ማንበብ አይችልም። ጸሐፊ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ግን ያምናል። የሷን ደብቀህ የሌላ ሰው ወረቀት ልታቃጥልብኝ ነው አይደል? ብሎ ጮኸብኝ። አስተርጓሚውን ጠርቶ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አስነበበ። ከዚያ እኔን፣ ቃል ሳታስቀር ዝርዝሩ ላይ ገልብጠው አለኝ። ለምን? ኋላ ማሬ ወረቀቴ ተርፏል ብላ ብቅ ብትል፣ የተቃጠለው ይኸው ብሎ አፏን ሊያዘጋ!

ጻፍኩለታ! በምሥራቅ ጓንግ፣ በምዕራብ ትልቁ የዲዛ ዛፍ፣ በሰሜን የሐጂ ኢድሪስ ማሽላ፣ በደቡብ የከብት መንገድ። የዳኛውን ስም፣ የምስክሮቹን ስም፣ መኳንንት ራሱ ተረትቶ «ተቀብያለሁ» ያለውን ሳይቀር። አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመበት። ወረቀቱ ነደደ። «ኸላስ! አለቀ!» ብሎ እጁን አራገፈ።

ማሬ ከመሬቷ ተባረረች። ድንበሩን ወደ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግራ ለሰው ሰሊጥ ስታጭድ ኖረች። ይህን ሳስብ እህል ከአፌ አልገባ ይለኝ ነበር።

ጣሊያን ሲሸሽ ሰው ወደ ካፒቴኑ ቤት ገብቶ ብርድ ልብስና ብስኩት ተሻማ። እኔ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ተሸክሜ ወጣሁ። ሰዉ አበደ ብሎ ሳቀብኝ። ሚስቴም ሳቀች።

ችሎቱ ሲከፈት ማሬ ከሰሰች። መኳንንት ደረቱን ነፍቶ ቆመና፣ «ጌታዬ፣ ተፈርዶልኛል ካለች ወረቀቷን ታምጣ!» አለ። ማሬ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሸ፣ ምን አለኝና አመጣለሁ?» አለችኝ።

ተነሣሁ። ከቆርቆሮ ሳጥኔ ያን የካፒቴኑን ዝርዝር አወጣሁ። ዝርዝሩን ከጓንግ እስከ ከብት መንገዱ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደምቄ አላነበብኩም፣ አነበብኩት። ዳኛው፣ ይህች ጣት የማን ናት? ብለው ጠየቁ። መኳንንት ጣቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «የኔ ናት» አለ። መሬቱ ለማሬ ተመለሰ። እልልታው ገላባት ተሰምቶ ይሆናል፤ እኔም ሽማግሌው ዘለልኩ።

እና ወገኖቼ፣ የወረቀት ነገር ከጠየቃችሁኝ ምክሬ አጭር ነው። ዋና ወረቀት ካላችሁ ሳጥን አትግዙ፣ ለወዳጅም አደራ አትስጡ። ወዳጅ ይረሳል። ለባላንጣችሁ ስጡት፤ ቃል ሳያጎድል አስገልብጦ፣ ፈርሞ ያቃጥልላችኋል።