ሊቀ ጠርጣሪ ጋሽ ጉዲና እና የስልሳ አራቷ ኢምፓላ

መኪና ሊገዛ የሚወጣ ሐበሻ ብቻውን አይሄድም። ቦርሳውን ቤት ረስቶ ሊወጣ ይችላል፤ «መኪና የሚያውቅ ሰው» ይዞ መሄድን ግን አይረሳም። በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም ሊሽረውም አይችልም። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለነው ሐበሾች የምናመላልሳቸው ክቡር ሊቀ ጠርጣሪ ጋሽ ጉዲና ናቸው።

ጋሽ ጉዲና በኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ሲጎትቱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ወደቡ በር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ የድሮ የአሜሪካ መኪኖችን መጽሔት ያገላብጡ ነበር። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ መጽሔት አይቶ ይጎመጃል፤ እሳቸው አይተው ጠረጠሩ። ኪሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አለ። ቆርቆሮው ላይ አስጠግተውት አልይዝ ካለ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለጥፏል ማለት ነው። ቢይዝም ደስ አይላቸውም። «እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ይላሉ።

ጓደኛዬ ማቲዎስ አዲስ ፕሪየስ መኪና ከዲለር አውጥቶ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ መጣ። ለምርመራ ሳይሆን እንኳን ደስ ያለህ ለመባል ነበር። ጋሽ ጉዲና አንገታቸውን አስገብተው ዳሽቦርዱን አዩ። ስድስት ማይል ይላል።

«ስድስቱን ማይል ማን ነዳው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ ዲለሮቹ ይሆናሉ።»

«ወዴት ሄደው?»

ማቲዎስ ያንን መኪና በኋላ አገር ለአገር ነድቶታል። ሆኖም እስከ ዛሬ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ስለዚያች ስድስት ማይል ያስባል።

ቄሱን እንኳን አይምሩም። አንድ እሑድ ቄሱ አዲስ በተገዛ መኪና ላይ ጠበል ሊረጩ እጃቸውን ሲያነሡ ጋሽ ጉዲና መሐል ገቡ። «አባ ይቅርታ፣ መጀመሪያ እኔ ልየው። የተጋጨ ከሆነ በግራ ፓራፋንጎው በኩል በርከት አድርገው ይርጩልን» አሉ። የመኪናው ባለቤት ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ፓራፋንጎውን አየች።

የድሮ መኪኖች ወሬ ሲነሣማ ጥርጣሬያቸው እስከ ፋብሪካው ድረስ ይሄዳል። የካዲላክ ንድፍ ሠሪዎች ከጦርነቱ በኋላ የጦር አውሮፕላን አይተው ከኋላ ትንሽ ክንፍ አወጡ፤ ክንፉ እያደገ ሄዶ በፈረንጆቹ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ጣራ ሊነካ ደረሰ፤ ከዚያ እየሟሸሸ ጠፋ። ይህን ሌላው የመኪና ወዳጅ በፍቅር ይተርከዋል። ጋሽ ጉዲና ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው የሚያወሩት። «መብረር ለማይችል ነገር ክንፍ ምን ያደርግለታል? ሰው ዓይኑን ወደ ኋላ ሲያዞርላቸው ከፊት ምን ሊደብቁ ነው?» ሼቭሮሌትንም አያምኑም፤ በሃምሳ ሰባት፣ በሃምሳ ስምንትና በሃምሳ ዘጠኝ ሦስት የተለያየ መልክ ይዞ ወጥቷላ! «በየዓመቱ ፊቱን ለሚቀያይር ሰው ልጅህን ትድራለህ?» ይሉኛል። ልጅ እንደሌለኝ እያወቁ ነው።

እኔንም ጉድ ሠርተውኛል። ዳሊ ሲቲ ውስጥ አንድ ሰው የስልሳ ሰባት ካማሮ ሊሸጥልኝ ነበር። ጋሽ ጉዲና መስኮቱን ብቻ አይተው ሳቁ። «ባለ ሦስት ማዕዘኗ ትንሿ መስታወት የታለች? እሷ የቀረችው በስልሳ ስምንት ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ መንግሥት የጎን መብራት ግድ አደረገ።» ከፊት ጎማው አጠገብ ማግኔታቸውን አስጠጉ፤ ወደቀ። መብራቱ የነበረበት ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኗል፤ መኪናው ለካ የስልሳ ስምንት ነው። ባለ መኪናው ላቡን ጠረገ፣ እኔም ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከእሳቸው ጋር ሄዶ የድሮ መኪና ይዞ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላውቅም። እንዲህ ሲደጋገም ሰው መጠርጠር ይጀምራል፤ እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ።

ከጥቂት ወራት በፊት ሳን ሆዜ የሚኖሩ አደይ ፋጥና የሚባሉ ኤርትራዊት እናት የሟች ባለቤታቸውን የስልሳ አራት ኢምፓላ ሊሸጡ ነው ተባለ። ያውም ተራ ኢምፓላ ሳትሆን ሱፐር ስፖርት የሚባለው ብርቅ ዓይነት። ጋሽ ጉዲናን ጭኜ ሄድኩ።

አደይ ፋጥና ጋራዡን ከፈቱልን። ልጃቸው ሓበን ጋራዡን ልታከራየው ስለፈለገች መኪናዋ መውጣት አለባት። ሓበን ራሷ ግድግዳው ጋ ቆማ ስልኳን ትነካካለች። ጋሽ ጉዲና ማግኔታቸውን ይዘው ዞሩ፣ ተንበረከኩ፣ በመጨረሻ የሾፌሩን በር ከፍተው በሩ የተንጠለጠለበት ምሰሶ ላይ ያለችውን የመኪናዋን የቁጥር ብረት በስልካቸው መብራት ማየት ጀመሩ።

«ወንድሜ፣ እርስዎ የሚያውቁ ሰው ነዎት ብለውኛል» አሉ አደይ ፋጥና። «ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይችን ሲገዛ ዘመዶቹ ሁሉ ሳቁበት። ፌክ ናት፣ አታለውሃል አሉት። እሱ እውነተኛ ሱፐር ስፖርት ናት እንዳለ ሞተ። ይችም» ወደ ልጃቸው ጠቆሙ፤ «ዳዲን ማንም ያታልለው ነበር ትለኛለች። ሽያጩ ይቆየንና እውነቱን ይንገሩኝ። ሞኝ ነበር?»

ሓበን ስልኳን ዝቅ አደረገች።

እኔ በጋሽ ጉዲና ትከሻ ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ለዓመታት ስለሰበኩኝ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ባለ ስምንት ሲሊንደሯ ሱፐር ስፖርት ቁጥሯ «አራት አንድ አራት» ብሎ ይጀምራል፤ ተራዋ ኢምፓላ ደግሞ «አራት አንድ ስምንት»። ብረቷ ላይ ያለው ስምንት ነው። የሱፐር ስፖርትን አርማና ወንበሮች በኋላ የገጠመላት ሰው አለ።

ጋሽ ጉዲና የስልካቸውን መብራት አጠፉ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«ኦሪጅናል ናት» አሉ። «ባለቤትዎ ዓይን ነበራቸው።»

«ዌት፣ ሪሊ?» አለች ሓበን። አደይ ፋጥና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። የጠረጠርኩት ደረሰ! ሰውዬው ኮሚሽን ተነጋግረዋል ማለት ነው። ፍሪዌይ እስክንገባ ታግሼ ፈነዳሁ።

«ጋሼ፣ ስንት ሊሰጡዎት ነው?»

«ማን?»

«ስምንት ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ጎበዝ፣ ተምረሃል።»

«ታዲያ ፌክ ሊያስገዙኝ ነው?»

«አንተ አትገዛትም። ነገ ኮል አድርግና ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በላቸው።»

«ሌላ ሰው ቢገዛትስ?»

«አይሸጧትም። የልጅቷን ፊት አላየህም?»

ፍሪሞንት ስንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ሰውየው አንዴ ተቀብሯል» አሉ። «እኔ ደግሜ ልቅበረው?»

አላመንኳቸውም። በማግስቱ ስደውል አደይ ፋጥና ቀደሙኝ፤ «ልጄ ይቅርታ፣ ሓበን አትሸጥም ብላኛለች» አሉኝ። ያኔም አላመንኩም። የሆነ ተንኮል አለበት ብዬ ተውኩት።

ባለፈው እሑድ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ዳር የድሮ መኪኖች ተሰብስበው ነበር። ሓበን ኢምፓላዋን እየነዳች፣ እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ መጣች። ለሚመጣው ሁሉ በእንግሊዝኛ ትተርካለች። «ማይ ዳድ ኒው» ትላለች ደጋግማ። አደይ ፋጥና የቀረው ባይገባቸውም አባቷ ያውቅ ነበር ማለቷ ገብቷቸዋል፤ በሰሙት ቁጥር ቀና ብለው ዙሪያውን ያያሉ።

አንድ የማላውቀው ሰውዬ የእጅ ባትሪ ይዞ ተጠጋ። በሩን ከፍቼ ቁጥሯን ልይ አለ። ሓበን እሺ ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ጋሽ ጉዲና ከየት መጡ ሳይባል በሩን በጀርባቸው ደገፍ አሉት። ማጠፊያው ስለላላ አይከፈትም አሉት በወደብ እንግሊዝኛቸው። ሰውየው አልሄደም። ስለ ኢምፓላዋ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከኋላ በየጎኑ ስለተደረደሩት ሦስት ሦስት መብራቶች፣ ክንፍ የሚባል ጣጣ ስለ መቅረቱ ጋሽ ጉዲና ያወሩለት ጀመር። መኪና ሲያሞግሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው ዓይኑን ከበሩ አላነሣም። ክፉ ጠርጣሪ ነበር።

ኮሚሽንም ተንኮልም አልነበረም፤ እኚህን ሽማግሌ ለካ እወዳቸዋለሁ። ሄጄ ከጎናቸው በሩን ተደገፍኩ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን አግሎት ጀርባዬን ፈጀኝ።

«አትነቃነቅ» አሉኝ በአማርኛ፣ ለሰውየው ፈገግ እንዳሉ።

አልተነቃነቅኩም።