ዱቄት የተወው አስተርጓሚ

ሥልጣኔ ከኮት ቁልፍ እንደሚጀምር ያልሰማ ካለ ይስማ። በጣልያን ዘመን፣ ጎንደር አራዳ ከአንድ ቢሮ የሚያስተረጉመው አቶ ፋንታሁን መንግሥት የሰጠው ባለ ስድስት ቁልፍ ኮት ነበረው። አራቱ ይቆለፋሉ፤ ሁለቱን ቦርጩ እምቢ አለ። ጣልያኑ አለቃው ትልቅ ሹም ለሰልፍ እንደሚመጣ ነግሮ፣ «ያን ቀን ካልተቆለፈ ኮቱንም ሥራውንም ታስረክባለህ» አለው።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ለወፍራሙ አለቃ ሲመክር ፋንታሁን በር ላይ ቆሞ ሰማ፦ «የሚያወፍርዎ ዱቄት ነው። ዳቦና ፓስታ ትተው ሥጋ ብቻ ይብሉ።» አለቃው ምክሩን በአክብሮት አዳምጦ ወደ ፓስታው ተመለሰ። ፋንታሁን ግን ለሰው የታዘዘውን መድኃኒት ለራሱ ወሰደው።

እግዜር ሲለው ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አገሬው ቆሎ ባጣበት ዓመት እሱ እንጀራ ተወና ጥሬ ሥጋ ላይ ወደቀ። በየሁለት ወሩ ይጠጣ የነበረውን ኮሶም «የኋላ ቀር ነገር ነው» ብሎ ተወው። ራሱን ሲያዞረው ስቡ ሲወጣ ነው አለ። አምስተኛው ቁልፍ ሲገባለት ሰፈሩ ሁሉ ከዱቄት መራቅ ጀመረ። አጥንቱ የሚቆጠረው ጎረቤቱ አያ ሐብተ ማርያም እንኳ አልቀረም።

«ምነው አያ፣ እርስዎ ምን ቦርጭ አለዎት?» ሲል ፋንታሁን ጠየቀ።

«እንዳይመጣብኝ ነው ልጄ።»

ሰልፉ አሥር ቀን ሲቀረው ስድስተኛውም ገባ። የዚያኑ ዕለት ሚስቱ ትርንጎ ከልብስ አጠባ ተመለሰች።

«ሱሪህ ላይ ኮሶ አየሁ።»

«ምን?»

«ትሉ ነዋ! ያከሳህ የሐኪሙ ምክር መስሎሃል? በል መድኃኒቱን ወቅጬልሃለሁ፣ ጠጣ።»

ፋንታሁን ደነገጠ፤ ቀጥሎም ራሱን ታዘበ። ያሳሰበው ሆዱ ሳይሆን ቁልፎቹ ነበሩ።

«ከሰልፉ በኋላ እጠጣለሁ።»

«ምነው፣ እንግዳህን ለመሸኘት ሳሳህ?»

በሰልፉ ቀን ስድስቱም ቁልፍ ተቆልፎ ቆመ። ትልቁ ሹም የፋንታሁንን ሆድ መታ መታ አድርጎ ንግግር አደረገ፤ ፋንታሁንም የራሱን ውዳሴ በራሱ አፍ ተረጎመ፦ «ይህን ሰው እዩት! እኛ ከመጣን ወዲህ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። በቅርቡ ሁላችሁም እንደ እሱ ትሆናላችሁ!» ሕዝቡም የመንግሥትን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርጥር አመነ።

ፋንታሁን እቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ትርንጎ ደግፋ አስቀመጠችውና ኮሶውን በቅል አቀረበችለት።

«በውጭ ጣልያንን፣ በውስጥ ትሉን ስትቀልብ ከረምህ» አለችው። «አንተ መቼ ነው የምትበላው?»

የሰውን ሁሉ ቃል ሲተረጉም የኖረው ፋንታሁን፣ የሷን ቃል ግን ለራሱ ተረጎመው። ቅሉን ተቀበለና ጨለጠ።