ጠመንጃው ይገዛ ወይስ ይሠራ?

ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ምን ያምረዋል? አንዱን ሐጅ፣ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሁለተኛ ሚስት። እኔን ጠመንጃ አማረኝ። ያውም ተራ ጠመንጃ መስሏችሁ! ከስምንት መቶ ሜትር ላይ ትሪ የምታክል ብረት የሚመታ። ለምን እንዳትሉኝ። አደን አልወድም። ጠላትም የለኝም። ጠላት ለማፍራትኮ መጀመሪያ ሰው ማወቅ ያስፈልጋል።

ክሪስታል የምትባል በረዷማ ከተማ ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ልጄ ሐያት ቴክሳስ ነች። ቀን ቀን ሕመምተኞችን እስከ ዉድበሪ ከተማ ድረስ ወደየቀጠሯቸው ድራይቭ አደርጋለሁ። ግማሾቹ ይተኛሉ፣ ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ። ቤቴ ስገባ "አሰላሙ አለይኩም" እላለሁ፤ ልማድ ነው። የሚመልስ የለም።

ጎረቤቴ ሮጀር ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። በኛ ቢሆን "ጋሼ" የሚባል ሰው ነበር፤ በባዶ ስሙ ስጠራው እስከ ዛሬ አፌን ይከብደኛል። እሱም "ሰይድ" ማለት አቅቶት "ሳይድ" ይለኛል። ተቻችለናል። ስምንት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ስለ በረዶ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረጅም ሻንጣ መኪናው ላይ መጫን ሲያቅተው አየሁና አገዝኩት።

"መተኮስ ትችላለህ?" አለኝ።

"የወሎ ልጅ ነኝ" አልኩት።

ምን እንደገባው እንጃ፣ "እንግዲያው ግባ" አለኝ።

አንድ ሰዓት ነድተን ዒላማ መተኮሻው ሜዳ ደረስን። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ በመነጽር እያየ ነፋሱን ይነግረኛል፤ እኔ በደረቴ ተኝቼ እተኩሳለሁ። ሁለቱን ሳትኩ። ሦስተኛውን ለቀቅሁ፤ ጸጥ አለ። ይሄንንም ሳትኩት ብዬ ቀና ስል፣ ከሩቅ "ጢንግ!" አለ። ጥይቱ ደርሶ ድምፁ እስኪመለስ አራት ሰከንድ ያህል ይፈጃል ለካ። ትስቁብኝ ይሆናል፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድ ነገር ልኬ መልስ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

በቃ፣ የራሴ እንዲኖረኝ ቆረጥኩ። ግን ልግዛ ወይስ ቤት ውስጥ ልሥራ?

ሥጋ ቤት ያለው ወዳጄ ጀማል በሳቅ ሊሞት ነበር። "ሱቅ ሂድ፣ ፎርም ሙላ፣ ይዘህ ውጣ! ጠመንጃ ይወረሳል፣ ወይ ይገዛል እንጂ ቤት ውስጥ ይሠራል እንዴ? ወጥ ነው? ግዛና እንደፈለግህ ብቻህን ተኩስ።" ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። የሚያጨበጭብለትም እንደሌለ ግን ተራቹ ሳይነግረን ቀረ።

ሮጀር ደግሞ ጫማውን ጫማውን እያየ፣ "ከገዛህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤትህ ነህ። ከሠራነው ግን ዊንተሩን በሙሉ ይፈጅብሃል" አለኝ።

ዊንተሩን በሙሉ! እሱ እንደ ማስጠንቀቂያ ተናገረው፤ እኔ እንደ ግብዣ ሰማሁት።

ለሐያት በስልክ ነገርኳት። "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለች። ገባኝ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ጠመንጃ አማረኝ ሲል ልጅ ምን ታስብ? ልቆጣም አልቻልኩም።

"አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለችኝ። እንግሊዝኛውን ትታው በአማርኛ።

"ልጄ፣ ሞት አላማረኝም። ሰው ነው ያማረኝ።"

አለቀሰች። ከዚያ ጠመንጃው እኔ ቤት እንዳያድር አስማለችኝ። ማልሁ። ሮጀር ቤት ካዝና ውስጥ እንዲቆለፍ ተስማማን። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች።

ሮጀር ከቤቱ ሥር፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ቶርኖ የሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን አለው። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ብረት የቆረጥኩት ቶርኖ ቤት ነው፤ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ማሽኑን ሳየው እጄ ራሱ ሄደ። ሮጀር አየት አደረገኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲህ ሆንን፤ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ስለ ሟች ሚስቱ አወራኝ፤ ስለኔዋ አወራሁት። ባረሉ፣ ያ ጥይቱ የሚወጣበት ቧንቧ፣ ታዞ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። አንዳችንም አልተበሳጨንም። የሰደፉን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ለነገሩ የመጀመሪያውም ጥሩ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ጠመንጃው አለቀ። ሄደን ተኮስን፤ በመጀመሪያው ጥይት መታሁ። ሮጀር እጄን ጨበጠኝ፣ ካዝናው ውስጥ ቆለፍነው፣ ተለያየን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ምን ብዬ ልሂድ? ያለቀ ሥራ ሰበብ አይሆን። በመስኮት ሳይ የሮጀር ቤዝመንት መብራት በርቷል። ቆሜ አየሁት፤ ሻይ አፈላሁ፤ ተመልሼ አየሁት። ሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው አለፈ።

በሦስተኛው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ሮጀር ነው፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

"ሳይድ፣ የባረሉ መጠምዘዣ ጥርስ ላይ ስሕተት አግኝቻለሁ። መፈታት አለበት። እንዲያውም እንደ አዲስ መጀመር ሳይኖርብን አይቀርም።"

ተያይዘን ወረድን። መለኪያውን አስጠጋሁ። ጥርሱ የፀጉር ያህል እንኳ ስሕተት የለበትም። ቀና ስል ሮጀር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ ይሠራ ለምትሉኝ ምክሬ ይኸውላችሁ፦ የቸገራችሁ ጠመንጃ ከሆነ ግዙ።

"እውነትህን ነው ሮጀር" አልኩት። "ጨርሶ ተበላሽቷል።"

ፈታነው።