የአስፋው ቱርክኛ

ጉተማ፦ በሩ ላይ የተሳለው እኮ ጥርስ ነው።

አስፋው፦ ጥርስ አይደለም አልኩህ! የፀጉር ሥር ነው።

ጉተማ፦ የፀጉር ሥር ሁለት እግር አለው እንዴ?

አስፋው፦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አለው። አንተ የስንዴ ሥር እንጂ የፀጉር ሥር የት ታውቃለህ?

[ቦታው ኢስታንቡል፣ አንድ የውበት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ነው። አስፋው ናዝሬት የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ ቆሟል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘርፉን ያገባል፤ እሷ ደግሞ አንድም ቀን ያለ ኮፍያ አይታው አታውቅም። ከሠርጉ በፊት ፀጉር ሊያስተክል ነው ባሕር የተሻገረው። ጉተማ የሁሩታ ገበሬ፣ ወዳጁና ሚዜው ነው።]

ጉተማ፦ ከክሊኒኩ ጋር ያገናኘን ደላላ በስልክ የሚያስተረጉሙ አሉ ብሎ የለም? ለምን አናስጠራም?

አስፋው፦ አስተርጓሚ ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የቱርክ ድራማ አይቻለሁ!

ጉተማ፦ እነሱማ የሚያወሩት አማርኛ ነው።

አስፋው፦ ድምፁ ነው አማርኛ! እኔ የተማርኩት አፋቸውን እያየሁ ነው።

[በሩ ይከፈታል። አንድ ወጣት ሐኪም በፈገግታ ያስገባቸዋል፤ አስፋውን ወደ ኋላ በሚጋደም ወንበር ላይ አስቀምጦ መብራት ይደቅንበታል። አስፋው ፊቱን ኮስተር አደረገ።]

ሐኪሙ፦ [አፉን እያመለከተ] ዲሽ?

አስፋው፦ ሰማህ? ቤትህ ዲሽ አለህ ወይ እያለኝ ነው።

ጉተማ፦ አፉን ለምን ያሳይሃል ታዲያ?

አስፋው፦ በአፍህ መልስልኝ ማለቱ ነዋ! [ለሐኪሙ ሁለት ጣት ቀስሮ] ሁለት! ሁለት ዲሽ! አንደኛውን ንፋስ አጣሞታል። [አንዱን ጣቱን ያጣምማል።]

ሐኪሙ፦ [እየጻፈ] ኢኪ ዲሽ። ታማም።

ጉተማ፦ ታመመ አለህ! [ጮክ ብሎ] ፈያ! ፈያ! ደህና ነን!

አስፋው፦ አታዋርደኝ! ታማም ማለት እሺ ማለት ነው።

[ሐኪሙ ረዘም ያለ ነገር ይጠይቃል።]

አስፋው፦ ኤቬት! ኤቬት!

ጉተማ፦ ምን አለህ?

አስፋው፦ እኔ እንጃ። ግን አዎ አልኩት። እንግዳ ሰው እምቢ አይልም።

[ሐኪሙ መርፌ ያነሳል።]

ጉተማ፦ ኧረ መርፌው ወደ አፍህ እየመጣ ነው!

አስፋው፦ ከአፍ ወደ አናት መንገድ አለው፤ ማደንዘዣው ራሱ ይወጣል። [ዓይኑን ጨፈነ። ገለጥ ሲያደርግ ሐኪሙ ከመርፌው ሌላ ጉጠት ይዟል።] ድንግል ማርያም! ጉተማ፣ ጥርሴን!

[ጉተማ ዘሎ የአስፋውን ኮፍያ መነጨቀ። የራሱን ጎፈሬ ጨምድዶ ያሳያል፤ ከዚያ በጓደኛው መላጣ ላይ እፍኝ እፍኝ ስንዴ እንደሚዘራ ሰው እጁን ይበትናል። ሐኪሙ አፍጥጦ ያየውና በሳቅ ይፈርሳል። ስልክ ደውሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።]

ሌንሳ፦ [በስልኩ] ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሌንሳ እባላለሁ፣ አስተርጓሚ ነኝ። ዶክተሩ የጥርስ ሐኪም ነው። ሁለት ጥርስ፣ አንዱ የተጣመመ፣ ንቀልልኝ ብለውኛል ይላል።

አስፋው፦ እኔ እኮ ስለ ዲሽ...

ሌንሳ፦ ዲሽ በቱርክኛ ጥርስ ነው።

ጉተማ፦ [ወደ በሩ እያየ] ሥዕሉም።

[የፀጉሩ ሐኪም ከሌላ ክፍል ተጠርታ መጣች። የአስፋውን ማጅራት በመነጽር አገላብጣ አየችና ለስልኩ ቀስ ብላ ተናገረች። አስፋው አንድም ቃል አልገባውም፤ ራሷን ስትነቀንቅ ግን ገባው።]

ሌንሳ፦ ጋሼ፣ የሚተከለው ከኋላ ተወስዶ ነው። የእርስዎ ደግሞ በጣም ሳስቷል፤ መትከል አይቻልም ትላለች። ይቅርታ።

ጉተማ፦ ዘር ከሌለ ምን ይዘራል።

አስፋው፦ [መላጣውን በሁለት እጁ ሸፍኖ] አለቀልኝ! ዘርፉ ይሄን ስታይ ምን ትላለች?

ጉተማ፦ ምንም አትልም። ታውቃለች።

አስፋው፦ ምኑን?

ጉተማ፦ መላጣህን። ዓምና ሶደሬ ስንሄድ ኮፍያ አድርገህ አልዋኘህም? «ወይ መላጣ ነው፣ ወይ አብዷል» ብላ ጠየቀችኝ። መላጣ ነው ስላት «እፎይ» አለች።

[አስፋው እጆቹን ከመላጣው ላይ ያወርዳል።]

አስፋው፦ እና ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠን ስንመጣ ለምን አልነገርከኝም?!

ጉተማ፦ አውሮፕላን ማረፊያ ጀመርኩልህ፤ አውሮፕላኑ ውስጥም ጀመርኩልህ። ሁለቴም «ዝም በል፣ ቱርክኛዬን ታጠፋብኛለህ» አልከኝ።

[አስፋው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሐኪሞቹ ግራ ተጋብተው ስልኩን ያያሉ።]

ሌንሳ፦ ጋሼ፣ ምን ተባብላችሁ እንደሆነ እየጠየቁኝ ነው። ልተርጉምላቸው?

አስፋው፦ ኧረ ተይ ልጄ! በአማርኛ የተዋረድኩት ይበቃኛል።