ተሸናፊ ይነሳል

[ሊንደሩድ፣ በሰው አገር፣ የአክሊሉ ሳሎን፤ ቅዳሜ ረፋድ። አክሊሉና ጎረቤቱ ተክሉ፣ አብሮ አደጎች፣ ጆይስቲክ ይዘው ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠዋል። ከታች የሕንፃው ነዋሪ ለዱግናድ፣ ለጋራ የጽዳት ሥራ፣ ወጥቶ ግቢ ሊያጸዳ ነው።]

አክሊሉ፦ ቆይ፣ ቆይ! ይሄ አይቆጠርም!

ተክሉ፦ ሰውዬህ ተዘርሯል እኮ።

አክሊሉ፦ የኮምፒዩተሩ ስህተት ነው። እግር ብዬ ስጫን እጅ ሰነዘረ። ልመልሰው። [አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ተደባዳቢዎቹ እንደ አዲስ ይቆማሉ።]

ተክሉ፦ አራተኛ ስህተቱ ነው። አራቱም ያንተ ሰውዬ ሊሞት ሲል።

አክሊሉ፦ ኢሙሌተር ስለማታውቅ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱን የድሮውን የጌም ማሽን ያስመስላል።

ተክሉ፦ ሳይሆን?

አክሊሉ፦ ሳይሆን!

ተክሉ፦ ጌሙስ መታለሉን ያውቃል?

አክሊሉ፦ ኔይ፣ አያውቅም! አሁንም እዚያ ሰፈራችን፣ ጌም ቤት ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው።

ተክሉ፦ ምስኪን። እኔም አንዳንድ ጠዋት እንደዚያ ነኝ። የጌም ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰምቼ እነቃለሁ።

አክሊሉ፦ ትዝታህን ተውና ተጫወት። የተሸነፈ ዱግናድ ወርዶ የሁለታችንንም ቅጠል ይጠርጋል።

ተክሉ፦ እንደ ጌም ቤቱ ሕግ፤ ተሸናፊ ይነሳል።

አክሊሉ፦ እኔን ከዚያ ወንበር ማን አስነስቶኝ ያውቃል?

ተክሉ፦ እናትህ። በነጠላ ጫማ።

አክሊሉ፦ [ሰምቶ እንዳልሰማ] ተጫወት!

ተክሉ፦ ግን ቁልፉ እንዴት ነው የሚመልሰው?

አክሊሉ፦ በዚህኛው ያለህበትን ታስቀምጣለህ፤ በዚያኛው ያስቀመጥከው ይመለሳል። ሺህ ጊዜ ቢሆን! ተወው፣ ይከብድሃል።

ተክሉ፦ እሱስ ይከብደኛል።

[ይደባደባሉ። የአክሊሉ ሰውዬ የሕይወት መስመር ስክሪኑ ላይ ክር አክላ ስትቀር፣ አዲሷ የሕንፃው ኃላፊ ኤሊ ከግቢ ትጣራለች።]

አክሊሉ፦ ቁም! ጌሙን አቁሜዋለሁ። ምንም እንዳትነካ! [በረንዳ ወጥቶ] ኤሊ! ያ፣ ያ፣ እሺ! አንድ ሰው እየወረደ ነው! ተክሉ ይባላል!

[ይመለሳል። ተክሉ እጁን አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።]

አክሊሉ፦ የት ደርሰን ነበር... አየህ፣ ደግሞ ተሳሳተ! ልመልሰው። [ይጫናል። ሕይወቱ ያችው ክር ናት። ተክሉ በአንድ ቡጢ ይዘርረዋል።] ምን ሆነ? [ይጫናል። ክር። ቡጢ። ደግሞ ይጫናል። ክር። ቡጢ።]

ተክሉ፦ ሺህ ጊዜ ነው ያልከው? ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ይቀርሃል።

አክሊሉ፦ አንተ... እዚህ ላይ አስቀመጥከው?

ተክሉ፦ ያስረዳኸኝን ልሞክረው ብዬ ነው። ጎበዝ አስተማሪ ነህ።

አክሊሉ፦ ይሄ ማጭበርበር ነው!

ተክሉ፦ ኔይ፣ የኮምፒዩተር ስህተት ነው።

[ከግቢ የኤሊ ድምፅ፦ «ተክሉ!»]

አክሊሉ፦ አንተን ነው የምትጠራው።

ተክሉ፦ [ጥግ የቆመውን መጥረጊያ እያቀበለው] መልኬን አታውቀውም፤ ስሜን የነገርካት አንተ ነህ። በል ተነስ፣ ውረድና ተክሉን አስመስል።