ወፏ እስከ ሰኞ እንድትታገስ ስለመወሰኑ

ሰንበትን በማክበር ረገድ ደሴታችን አቻ የላትም። እሁድ እሁድ የልጆች ዥዋዥዌ በሰንሰለት ይታሰራል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ባዶውን ይውላል፤ የወደቡ በር ይቆለፋል። እርግጥ ውስኪ ፋብሪካው ውስጥ እርሾው እሁድንም ሲፈላ ይውላል። ይሁንና የወደብ ኮሚቴያችን ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ እርሾ ሠራተኛ ሳይሆን የተፈጥሮ ኃይል መሆኑን ስላረጋገጠ ማንም ስጋት አይግባው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ቶርከል የፋብሪካውም ሥራ አስኪያጅ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ። ዕድሜ ልኬን ቶርከል እጁን ሲያወጣ አብሬ ሳወጣ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ባለፈው መከር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ በእኛ አገር ታይታ የማትታወቅ አንዲት የአሜሪካ ወፍ ማዕበል ገፍቷት መጥታ በኤፊ ጓሮ፣ ጎመኑ መሃል አረፈች። ኤፊ ባሏ የሞተባት፣ የደሴቱን ብቸኛ የእንግዳ ማረፊያ የያዘች ሴት ናት። በዚያ ዓመት እንግዳ ጠፍቶባት፣ አልጋዎቿ ካልሞሉ ቤቱን ዘግታ ልትሄድ ቆርጣ ነበር። የቀራት አንድ የኤድንብራ ሰው ነው፤ ሥራው ወፍ ሲያይ መዋል። ሰውዬው በመስኮት ወፏን ሲያያት ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ጥሎ ስልክ ላይ ተጣደፈ። ወሬው ሲዳረስ ግማሽ ስኮትላንድ እሁድ ጠዋት ጀልባ ተከራይቶ ሊመጣ ተነሳ።

ኤፊ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ቶርከል ዘንድ ሮጠች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ለጥራት ሲባል አንድ በርሜል እየቀመስን ነበር።

«ቶርከል፣ ለነገ ብቻ የወደቡን በር ክፈትልኝ!»

«እሁድን?»

«ሰው ሊጎርፍ ነው! ሳሎኑ ላይ ሁሉ አነጥፋለሁ!»

«ሰኞ ይምጡ።»

«ወፏ እስከ ሰኞ ባትቆይስ?»

«ትቆያ!»

«ማን ይንገራት?»

«ኮሚቴው ይነግራታል» አልኩ እኔ።

«እናንተ ሰዎች፣ ቤቴ እኮ ነው የሚዘጋው!»

«ኤፊዬ፣ አንጀቴን አትብዪው» አላት ቶርከል። «ልቤ ካንቺ ጋር ነው። ቁልፉ ነው ከኮሚቴው ጋር ያለው።» ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠን፣ «ወፏ እስከ ሰኞ ጠዋት ባለችበት እንድትታገስ» በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ውሳኔው ኤፊ አጥር ላይ ተለጠፈ፤ ባለጉዳይዋ ከጎመኑ ሆና ልታነበው በምትችልበት ቁመት።

እሁድ ጠዋት የሕዝባችን መንፈሳዊነት በጉልህ ታየ። ትልቅ ትንሹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በኤፊ አጥር በኩል አለፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በሌላው ጫፍ ነው። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ ቆመ። ቶርከልማ የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ መጥቷል።

«በመሣሪያ ማየት ሥራ አይደለም እንዴ?» አልኩት በጆሮው።

«በሁለት ዓይን ሲሆን ነው ሥራ» አለና አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ባዶ ወንበር ሲጠብቁ የቆዩት መጋቢ ፊንሌይ በመጨረሻ መጽሐፋቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ምን እየሠራችሁ ነው እዚህ?»

«ምንም! እሁድ እኮ ነው!» አልን በአንድ ድምፅ።

መጋቢም ሊቆጡ ጣታቸውን እንዳነሱ ወፏን አዩአትና ጣታቸው እዚያው ቀረ። «ለነገሩ እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ አለ» አሉ፤ «ጎመን ውስጥም አለ። ጉባኤው እዚሁ ይሁን።» እንዲህ ያለ አስተዋይ አገልጋይ ሌላ ደሴት የለውም።

ኤፊ እጃቸውን ያዘች። «አባቴ፣ ስብከቱ እሺ። መዝሙሩ ግን ለዛሬ ይቅር። ትደነግጥብኛለች።»

«መዝሙር የሌለው ሰንበት! ምን ነካሽ ልጄ?»

የእኛን መዝሙር ያልሰማ ሰው አይፈርዳትም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም፤ ላም ወተት ትከለክላለች። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ወፏ ብድግ አለች። ጭስ ማውጫውን አንድ ጊዜ ዞረችና ባሕሩን ተሻግራ ወደ ጎረቤት ደሴት ሄደች። እዚያ ያሉት ሰዎች ሃይማኖታቸው ሌላ ነው፤ ወደባቸው እሁድም ክፍት ነው። የተቆለፈው በራችን ፊት ሲንሳፈፉ ያረፈዱት ጀልባዎች ሁሉ አፍንጫቸውን አዙረው ተከተሏት።

ኤፊ ጎመኑ መሃል ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። በእውነት አሳዘነችኝ። እሁድ በመሆኑ ግን ከመሬት ሊያነሳት የሚችል ሰው አልተገኘም።

ሰኞ በሩ በክብር ተከፈተ። ቶርከል «ሰንበትን ያከበረ ሕዝብ እንግዳ አያጣም» የሚል ረጅም ንግግር አደረገ። የሰኞዋ መመላለሻ መርከብ ስትደርስ አጨበጨብን። አንድም ሰው አልወረደም። ለመሳፈር ግን የደሴቱ ሕዝብ በሙሉ ተሰልፎ ነበር፤ ጎረቤት ሄዶ ወፏን ሊያይ።

ከሰልፉ ፊት ኤፊ ነበረች፤ ሻንጣዋን፣ ድስቶቿንና ብርድ ልብሶቿን ሁሉ ይዛ። በጎረቤት ደሴት ማረፊያ እንግዳው ሞልቶ መጠጥ ቤቱ ወለል ላይ ሳይቀር ስለተኛ፣ የማረፊያው ባለቤት ቤቱን አብራው እንድትይዝ ጠርቷታል።

ቶርከል ደነገጠ። «ኤፊ፣ እንግዳችንን ማን ሊቀበል ነው? መቼ ነው የምትመለሺው?»

«እሁድ» አለችው፣ «በጠዋት ጀልባ።»

ኮሚቴው ይህን ቃሏን በታላቅ ደስታ ተቀብሏል። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ አበባ ይዘን ወደቡ ላይ እንጠብቃታለን፤ በሩን ቆልፈን።