ደጅ ደርሳ የተመለሰችው ነጥብ

ሰው በእግሩ ሲጓዝ የሚያየው ማን ነው? ድሮ እግዜርና የመንደር ውሻ ነበሩ። እግዜር አይናገርም፤ ውሻ ቢናገር አይታመንም። ስለዚህ የመንገዱን ወሬ የሚያወራው መንገደኛው ራሱ ነበር። እኔም በዚህ መብቴ እንደ ልቤ ተጠቅሜበታለሁ። ከእስቴ ወደ ጋይንት ስሻገር አንድ ገደል አለ፤ ጫፉ ላይ ንፋስ የነጠቀኝን ባርኔጣ ታች ወርጄ ሳገኘው ፋሽኑ አልፎበት ነበር። ማን ይመሰክርብኛል? ገደሉ?

ዘንድሮ ግን ምስክር መጣብኝ።

የእህቴ ልጅ ያሬድ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያስተምራል። ቅዳሜ ሲሆን ከጓደኞቹ ጋር ቦርሳ አዝሎ ተራራ ይወጣል። መጀመሪያ የነገረኝ ጊዜ “ማን ሞቶ ነው?” አልኩት። ማንም አልሞተም። “ገበያ ነው?” አይደለም። “በሬ ጠፍቶህ ነው?” በሬ የለውም። በእኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ወንዝ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዓባይ ጋ ቀጠሮ አለው።

ይባስ ብሎ መንገዱን ለሕዝብ ያሳያል። ኢንተርኔት ላይ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ ነጥቧ ያሬድ ናት። ሲራመድ ትራመዳለች፣ ሲደክመው ትቆማለች፤ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ያያታል። እኔ ንቄ ልስቅ ብዬ ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲያ መዝጋት አቃተኝ። የት ደረሰች? ለምን ወደ ግራ ታጠፈች? አንዳንዴ ብቻዋን ከቁጥቋጦ ጥግ ቆም ስትል ምክንያቷን ስለምገምት ዓይኔን ዘወር አደርግላታለሁ። ጨዋ ነኝ።

እንግዲህ ያሬድ ሊያገባ ፈለገ። የወደዳት ስንዱን ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ አባቷ ቢምረው ጋይንት ካለችው ከቤተ ልሔም ደብር ወዲያ ያለ ገብስ አራሽ ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክን፤ ሁለት ጊዜ መለሰ። “በመኪና የመጣ ሽማግሌ አላናግርም” አለ። “ልጄን እንደ ሲሚንቶ ጭነው ሊሄዱ ነው? እናቷን ሳስጠይቅ የኔ ሽማግሌዎች በእግራቸው ነው የሄዱ።” ሽማግሌ ሦስቴ ይመላለሳል፤ ሦስተኛው ከተመለሰ ነገሩ አበቃ። ያሬድም ተራራውን ብቻውን ሲወጣ ይኖራል ማለት ነው።

ለሦስተኛው እኔና መሪጌታ ላቀው ተመረጥን። ያሬድ ነጥቧን በእኔ ስልክ ላይ አብርቶ ሊንኩን ለስንዱ ላከ፤ ስንዱ አባቷ ስልክ ላይ ከፈተችለት።

“ጋሼ፣ አሁን በእግር መምጣታችሁን ራሳቸው ያያሉ። እባክዎ መኪና እንዳያታልልዎ” አለኝ።

“በበቅሎስ?”

“በቅሎ ትፈጥናለች፤ ያስታውቃል።”

ከአርብ ገበያ ከተማ ተነሳን። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አያልፉም፤ እኔ ደግሞ ድንጋይ ሳልቀመጥ አላልፍም፤ በዚህ ተደጋግፈን ስንሄድ ስንዱ ደወለች። “አባባ ከጧት ጀምሮ ስልኩ ላይ እንደ ተደፋ ነው። ግን ጋሼ፣ ዛሬም ሊመልሳችሁ ነው፤ ዘመድ አላማከርኩም ሊላችሁ ነው” አለችና ድምጿ ተቆረጠ። ኔትወርክ ይሁን እንባ እንጃ።

ቤተ ልሔምን አልፈን የቢምረው አጥር ወለል ብሎ ሲታየን፣ በስማዳ በኩል ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መጡ። አንዲት ባልቴት በተወለዱበት ደብር ልቀበር ብለው ተናዝዘው፣ ልጆቻቸው ተሸክመዋቸው ነው፤ ትከሻቸው አልቋል። ሬሳ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ዞሮ ይሸኛል እንጂ “ጉዳይ አለብኝ” አይልም። ስልኬን ድምፁን አጠፋሁና ዞርን። እኔ ቃሬዛውን ያዝኩ፣ መሪጌታ ጸሎቱን ያዙ፤ ወደ ቤተ ልሔም ተመለስን።

አሁን እናንተ ቢምረውን ሁኑና ካርታውን እዩ። ነጥቧ ስትዳክር ውላ ደጃችሁ ደረሰች። ቆመች። ዞራ ሄደች። ወጥቶ አውድማው ላይ ቢቆም ሁላችንንም ያየን ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው ስልኩን ነው። ሽማግሌን አባት ቢመልሰው የአባት ኩራት ነው። ሽማግሌ ራሱ ከደጅ ከተመለሰ ግን በልጅቱ ላይ አንድ ነገር ሰምቷል ማለት ነው። ቢምረው ዱላውን አነሳ።

ቀብሩ አልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጽድ ሥር ተቀምጠናል። ቢምረው ስልኩን እንደ ጧፍ ፊት ለፊቱ ይዞ፣ ዓይኑን ከላዩ ሳይነቅል መጣና እግሬን ሊረግጠኝ ሲል ቆመ።

“እዚህ ናት” አለ ለራሱ፤ ቀና ሲል እኔ ነኝ። “ምን ሰምታችሁ ነው?”

“ደኅና ዋልክ ቢምረው?”

“አልዋልኩም! ልጄ ምን ጎድሏት ነው ከደጄ የተመለሳችሁ?”

መሪጌታ “ኧረ እኛስ ሬሳ…” ሊሉ ሲጀምሩ እግራቸውን ረገጥኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠበቅ አድርጌ ነው።

“እንጃ፤ አባቷ አንተ ነህ” አልኩት።

“የስንዱን ስም በክፉ የሚያነሳ ማን ነው? የዚህ ቀበሌ ሕፃን ሁሉ በእሷ እጅ የተከተበ! ትሕትናዋ የተመሰገነ፣ እጇ የተባረከ! የናንተ ልጅ እሷን ካላገባ ምን ሊያገባ ነው? ተራራ?”

“መሪጌታ፣ ሰምተዋል?”

“ሰምቻለሁ” አሉ፣ እግራቸውን እያሹ።

ተነስቼ ቆምኩ። “እንግዲህ ቢምረው፣ እንዲህ ያለችውን ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን ቆመናል።”

አፉን ከፈተ። “ዘመድ…” አለና ዞር ሲል፣ ከቀብር የሚመለሰው አገሩ ሁሉ ከቦት ይሰማል፤ ግማሹ ዘመዱ ነው። አንዱ አጎቱ ከኋላ “እኛ ተማክረናል” አሉት። ሳቅ ሆነ።

“እሺ” አለ ቢምረው። “እሺታዬን ግን ቤቴ ገብታችሁ ነው የምትሰሙ። ተነሱ።”

ደጁ ልንደርስ ስንል የቃሬዛ ተሸካሚዎች ትኩስ ዱካ፣ የእኛም ዱካ እዚያው ዞሮ ከነሱ ጋር ሲመለስ አየና ቆመ። ዱካውን አየ፤ እኔን አየ።

“ሬሳ ሸኝታችሁ ኖሯል! ታዲያ ቅድም ለምን አልነገራችሁኝም?”

“መች ጠየቅኸኝ?” አልኩት። “የጠየቅኸኝ ልጄ ምን ጎደላት ብለህ ነው።”

ስልኩን ኪሱ ከተተና ፊት ፊታችን ሄደ። ብዙ ልጅ ድሬያለሁ፤ ወደ ኋላ ሄጄ ሙሽራ ያመጣሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።